ክሬኑን የጠራሁ ቀን

ልጄ የቴክኒክ ትምህርቷን ጎንደር ጨርሳ በመጣች በወሩ ሥራ አገኘሁ አለችኝ። የት ነው ስላት ኮኪት ዳር፣ አዲስ የሰሊጥ መጋዘን በሚሠራበት ግቢ ነው አለች። ቅርብ በመሆኑ ደስ አለኝ። ጥላ ሥር ተቀምጣ ወረቀት የምትጽፍ መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ሥራሽ ምንድን ነው አልኋት።

«ክሬኑን በእጄ አናግረዋለሁ» አለች።

እኔ የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ክሬን ምን እንደሆነ ግን አውቃለሁ። አንድ ጊዜ መተማ መንገድ ላይ የተገለበጠ የጭነት መኪና ሲያነሣ፣ ሰው ሁሉ ለማየት ወደዚያ ሲሮጥ፣ ልጆቼን አንጠልጥዬ ወደ ቤት የሮጥሁ ሰው ነኝ። ፈሪ ነኝ፤ አላፍርበትም። በእኛ ቆላ ጊንጥ ጫማ ውስጥ ትገባለች፤ ስለዚህ ጫማ ሳላራግፍ አላደርግም። የሌላውን ሰው ጫማም አራግፋለሁ። የንስሐ አባታችን ቤታችን መጥተው ሲወጡ ጫማቸውን ደጅ ላይ ገልብጬ ሳራግፍ ደርሰውብኝ፣ «ልጄ፣ ምን ጠፋብሽ?» ብለውኛል።

ልጄ እኔን ለማረጋጋት ሥራውን አስረዳችኝ። መጋዘኑ በብሎኬት አይገነባም። ግድግዳው ሌላ ቦታ በኮንክሪት ተሠርቶ፣ ደርቆ፣ በመኪና ተጭኖ ይመጣል። ክሬኑ አንድ በአንድ እያነሣ ያቆመዋል። የክሬኑ ሾፌር፣ ኦፕሬተር ይሉታል፣ ከላይ ተቀምጦ መሬት ላይ ያለውን በደንብ አያይም፤ እሷ ታይለታለች፤ በእጇ አንሣ፣ አውርድ፣ ቁም ትለዋለች።

«ከሥሩ አልቆምም፣ እማዬ። ማንም ከሥሩ አይቆምም፤ ሕግ ነው» አለች።

«ሕጉን ግድግዳው ያውቀዋል?» አልኋት።

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ግድግዳዎቹ ተተክለው እስኪያልቁ የሙከራ ጊዜዋ ነው፤ በደንብ ከሠራች ቋሚ ሠራተኛ ትሆናለች። ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ የሚያበራው እንደ ሙሽራ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ግድግዳዎች በትልቅ መኪና ቀጥ ብለው ቆመው ሲመጡ መንደሩ ሁሉ ወጥቶ አየ። ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ሽማግሌ መስኮት ያለውን አንዱን ብዙ ካዩ በኋላ፣ «ይህን ቤት ከማን ላይ ነቅለው ነው ያመጡት?» አሉ። አንዳንዱ ሰው እስከ ዛሬ ከሱዳን ተነቅሎ የመጣ ይመስለዋል።

እኔ ቤት መቀመጥ አልቻልሁም። በመጀመሪያው ቀን ምሳዋን ረሳች ብዬ ሄድሁ። በሁለተኛው ቀን ሻሿን ረሳች ብዬ ሄድሁ። በሦስተኛው ቀን የረሳችው ነገር ስላልነበረ ራሴ አንድ ጫማዋን ደብቄ ይዤላት ሄድሁ። የበሩ ዘበኛ ጫማውን አይቶ፣ «ዛሬ በአንድ እግሯ ነው የመጣችው?» አለኝ። ደግነቱ ለሠራተኞቹ ምግብ ታበስል የነበረችው ሴት ልትወልድ ደርሳ ሽንፋ ወደ እናቷ ሄደች፤ እኔ በቦታዋ ገባሁ። ማብሰያዬ አጥሩ ውስጥ፣ ዳር ላይ ያለች ራኩባ ነበረች፤ አራት እንጨት ቆሞ ሣር የለበሰ ዳስ። ከዚያ ሆኜ ሽንኩርት እየከተፍሁ ልጄን አያለሁ። ብዙ ሽንኩርት ከትፌያለሁ።

እውነቱን ልናገር፣ እያየሁ ልቤ መለስ ማለት ጀመረ። ልጄ በየጠዋቱ ግድግዳው የሚንጠለጠልበትን ወፍራም ቀበቶ መሬት ላይ ዘርግታ፣ እኔ ምስር እንደምለቅመው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቷ እየዳሰሰች ታየዋለች። አንድ ቀን ጥፍር የሚያህል የተቆረጠ ቦታ አገኘችበትና ቀበቶውን ለሁለት ቆርጣ ጣለችው፤ ሌላ ሰው ደህና ነው ብሎ እንዳያነሣው ነው አለች። የክሬኑ እግሮች እንዲሁ መሬት ላይ አይቆሙም፤ ጥቁሩ አፈራችን በበጋ እግር እስኪውጥ ስለሚሰነጠቅ ወፍራም ጣውላ ይነጠፍላቸዋል። ግድግዳው መጀመሪያ ስንዝር ያህል ብቻ ይነሣና ይቆማል። ሁሉም ዙሪያውን ይዞረዋል፤ ያየዋል። እንዳይወዛወዝ ሁለት ሰዎች ከሩቅ በገመድ ይይዙታል። ቦታው ደርሶ ቢቆምም በብረት ድጋፍ ግራና ቀኝ ሳይታሰር መንጠቆው አይፈታም። ቀትር ላይ ነፋስ ሲነሣ ደግሞ ሥራው ይቆማል። እነዚህ ሰዎች እንደ እኔ ፈሪዎች ናቸው፤ ልዩነቱ እነሱ ደመወዝ ያገኙበታል ብዬ አሰብሁ።

ማታ ማታ ቤታችን የክሬን ግቢ ሆነ። ልጄ እራት ላይ በእጇ ትለማመዳለች። ጣቷን ወደ ላይ አድርጋ ስታዞር አንሣ ማለት ነው። መዳፏን ወደ መሬት ዘርግታ አየሩን ጫን ጫን ስታደርግ ቀስ ብለህ አውርድ ማለት ነው። ጡጫዋን ስትጨብጥ ቁም ነው። ወጥ ልጨምርላት ስል ጡጫዋን ታሳየኛለች፤ እኔ ግን ያ ምልክት ለኦፕሬተሩ እንጂ ለእናት አይሠራም እያልሁ እጨምርላት ነበር።

ግቢው ውስጥ ሁለት ሕግ ተነግሮኛል። አንደኛው፣ ማንም ያለ አንጸባራቂ ሰደርያ አይንቀሳቀስም። የሁላችን ቢጫ ነው፤ የልጄ ብቻ ብርቱካናማ ነው፣ ኦፕሬተሩ ከሩቅ እንዲለያት። ሁለተኛው፣ ግድግዳ አየር ላይ ሳለ ማንም አይጮህም፤ ሰው ይደነግጣል። እኔ ሕግ አከብራለሁ። የመጣው ጣጣ ሁሉ የመጣው ሕግ በማክበሬ ነው።

ያን ቀን ቢጫ ሰደርያዬ ላይ ወጥ ደፍቼበት አጥቤ አሰጣሁት። ያለ ሰደርያ መንቀሳቀስ ክልክል ስለሆነ ከልጄ ቦርሳ ትርፉን ብርቱካናማ አውጥቼ ለበስሁ። እንዲያውም ቢጫው ከደረቀው ሣር ጋር ይመሳሰላል፤ ይህኛው ይሻላል፤ መኪና ቢመጣ ያየኛል ብዬ ራሴን አመሰገንሁ።

ግድግዳው ከመቀመጫው በላይ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ተንጠልጥሎ ነበር። ልጄ ጡጫዋን ጨብጣ ክሬኑን አቆመችና የሥሩ የሲሚንቶ ማልታ በደንብ መነጠፉን ለማየት ወደ ማዶው ዞረች። እዚያ ጎንበስ አለች፤ ግድግዳው ከኦፕሬተሩ ዓይን ጋረዳት። በዚህ መካከል እኔ ውኃ አለቀብኝ። ውኃ የሚያቀርብልን ሰውዬ በርሜሉ አጠገብ ቆሞ ግድግዳውን አፉን ከፍቶ ያያል። ልጠራው አልሁና ሕጉ ትዝ አለኝ፤ መጮህ የለም። ስለዚህ ከራኩባዬ ወጥቼ፣ ሰው እንደሚጠራው፣ በእጄ ጠራሁት። ና አልሁት። አላየኝም። እጄን ከፍ አድርጌ ደግሜ ና፣ ና፣ ቶሎ ና አልሁት።

ግድግዳው መሬት ደረሰ። ሥሩ ዲጅኖ ተጋድሞ ነበርና ጠርዙ እዚያ ላይ ዐረፈ፤ እንደ ዳቦ ተገመጠ። ድምፁን ስሰማ ድስቱን ጥዬ፣ ነጠላዬን በሰደርያው ላይ ደርቤ ሮጥሁ። ገመድ የያዙት ሰዎች እንደ ሕጉ ርቀው ቆመው ስለነበር ማንም አልተነካም። ልጄ ማዶ ቆማለች፤ አቧራ ለብሳለች፤ ደህና ናት። ራሷን፣ ክንዷን፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ነካክቼ ቆጠርሁ። ሰው ፊት አታድርጊ አለችኝ።

ሥራውን የሚመራው ኢንጂነር መጣ። ሲናደድ ድምፁ የሚቀንስ ሰው ነው፤ ያን ቀን የሚናገረው በጭንቅ ነበር የሚሰማው። ኦፕሬተሩን ጠየቀው። ኦፕሬተሩ የወሎ ሰው ነው፤ ወፍራም፣ ትሑት፣ ሐሰት የማያውቅ። ብርቱካናማ ልብስ አየሁ፣ እጅ አየሁ፣ አውርድ አለኝ፣ አወረድሁ አለ። ልጄ ቁም ብዬው ነው የሄድሁ አለች። ኦፕሬተሩ ቆሜ ነበር፣ ኋላ ግን አውርድ አልሽኝ አለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ኢንጂነሩ የተገመጠውን ጠርዝ ብዙ አየ። ከዚያ ለልጄ፣ ከነገ ጀምሮ ቤት ቆዪ፤ ከጎንደር ሌላ ምልክት ሰጪ እስኪመጣ ክሬኑ አይሠራም አለ።

እኔ ኦፕሬተሩን ጠመድሁት። ልጄን በሐሰት ያስወነጀለ መሰለኝ። ምሳ ሳቀርብ ከወጡ ድንቹን ሁሉ ለቅሜ ለሌሎቹ ሰጠሁና ለእሱ መረቅ ብቻ ጨለፍሁለት። እሱ ግን መረቁን በእንጀራ ጠርጎ በላና፣ «እማማ፣ እጅዎ ይባረክ» ብሎኝ ተነሣ።

ልጄ ያን ቀን እራት አልበላችም። ቀኝ እጇን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ የሰው ዕቃ ይመስል ታየዋለች። ምናልባት ሳላውቀው አንቀሳቅሼው ይሆናል አለች። እኔ እግዜር ያወጣሽ ነው፣ ሱቅ ትከፍቻለሽ፣ ጥላ ሥር ትቀመጫለሽ አልኋት። ይህን ስል ልቤ ቀልሎት ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ከስንት ሳምንት በኋላ ያን ሌሊት እንቅልፍ ወሰደኝ።

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤቴ በደጄ ስታልፍ አየኋትና እርሾ ልሰጣት በእጄ ጠራኋት። ፀሐይዋ ከኋላዬ ነበረች። የእጄ ጥላ የጭቃው ግድግዳ ላይ ወደቀ። መዳፍ ወደ መሬት፣ ጣቶች ወደ ታች፣ ጫን፣ ጫን፣ ጫን። ጥላው ልጄ እራት ላይ የምትሠራውን ነበር የሚሠራው። እጄ አየር ላይ ደረቀ። ጎረቤቴ ደርሳ ምን ሆነሻል ብትለኝ ምንም አልኋት፤ እርሾውንም ሳልሰጣት ተመለሰች።

የውኃውን ሰውዬ ስጠራ ለካ ክሬኑን ነበር የጠራሁት። እሱም ታዛዥ ነው፤ መጣ።

አሁን የምጽፈውን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። ልጄ ቤት ትቀራለች፤ በሕይወት ትኖራለች፤ እኔም እተኛለሁ። አንድ እናት ከዚህ ሌላ ምን ትፈልጋለች እያልሁ ጎመን ቀነጠስሁ። ከጎመኑ ቅጠሉን ጥዬ እንጨቱን ድስት ውስጥ ከተትሁት።

ረፋዱ ላይ ልጄ ሁለቱን ብርቱካናማ ሰደርያ አጥባ፣ አጥፋ፣ በፌስታል አድርጋ ይዛ መጣች። ለኢንጂነሩ መልሺልኝ አለችኝ። ለምን አንቺ አትመልሽም አልኋት።

«እጄን አላምነውም፣ እማዬ። እኔ ቁም ስል እሱ አውርድ ካለ፣ ነገ ሰው ይገድልብኛል።»

ከዚያ ሻይ ልትቀዳ ብርጭቆውን ያነሣችው በግራ እጇ ነው። ግራኝ አይደለችም። ይህን ሳይ ነው የተነሣሁት። ከእሷ የወሰድሁት ሥራ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ እጇን ነው ለካ።

ፌስታሉን ይዤ ግቢ ገባሁ። ኢንጂነሩ ሸራ ሥር ተቀምጧል። ቆሜ ሁሉንም ነገርሁት፤ ወጡን፣ ሰደርያውን፣ ውኃውን፣ እጄን። እስከ መጨረሻው ሰማኝና እንደ ማዘን ብሎ ፈገግ አለ።

«እናቴ፣ ይገባኛል። እናት ለልጇ ምን አትልም» አለኝ።

አላመነኝም። በዕድሜዬ ስዋሽ ሰው ያምነኛል፤ እውነት የተናገርሁ ዕለት የሚያምነኝ ጠፋ። ተናደድሁ። እንግዲያው ክሬኑን አስነሡና እዩ አልሁት። ኢንጂነሩ ነዳጅ ማባከን ነው አለ። ሳላይ ከዚህ አልሄድም ብዬ ሸራው ሥር መሬት ላይ ተቀመጥሁ። እኔን ከማስነሣት ክሬኑን ማስነሣት ቀለለው መሰል፣ ኦፕሬተሩን አስጠራ። ምን እንደሚሞከር ግን አልነገረውም። ባዶ መንጠቆውን ከፍ አድርገህ ጠብቅ፣ ብርቱካናማ የለበሰ ሰው ምልክት ሲሰጥህ ታዘዝ ብቻ አለው።

ብርቱካናማውን ለብሼ ራኩባዬ በር ላይ ቆምሁ። የቀን ሠራተኞቹ ሥራ ስለሌላቸው ሁሉም ተሰብስበዋል። የውኃው ሰውዬ በርሜሉ አጠገብ እንዲቆም ተደረገ፤ የሚሰቅሉት ይመስል ፊቱ ጠቁሯል። በእጄ ጠራሁት። መንጠቆው ትንሽ ወረደ። ደግሜ ጠራሁት። ደግሞ ወረደ። ሠራተኞቹ ሳቅ ጀመሩ። አንዱ የጎጃም ልጅ፣ «እማማ፣ እስቲ ምሳ ደርሷል ይበሉት» አለ።

ኢንጂነሩ አልሳቀም። በቃ ብሎ፣ ፀሐይ ሲመታው ፌስታሉ ውስጥ የቀረውን ሌላውን ብርቱካናማ ሰደርያ ራሱ ላይ ጣል አደረገና ወደ ግቢው መካከል ወጣ። ልጄ ወሬውን ሰምታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሲያያት በእጁ ጠራት፤ ነይ፣ ነይ ወዲህ። መንጠቆው ከላይ ሽር ብሎ ወርዶ፣ ከፊቱ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ መሬቱ ላይ ዐረፈ።

ኢንጂነሩ መንጠቆውን አየ። ከዚያ እጁን ገልብጦ አየው።

ኦፕሬተሩ ከላይ ራሱን አውጥቶ፣ «ኢንጂነር፣ ልቀጥል ወይስ ደረሰ?» አለ። ያኔ ማን ዝም ይበል። ኢንጂነሩ ራሱ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ይዞ ሳቀ። ልጄ አልሳቀችም። ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር፤ የተመለሰ ዕቃ እንደሚያቅፍ ሰው።

ኢንጂነሩ እዚያው ልጄን ወደ ሥራዋ መለሳት። ይቅርታ የጠየቃትም ሰው ፊት ነው፤ ይህን አልረሳለትም። በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም ሰብስቦ አውርድ የሚለው ምልክት እንደተለወጠ ተናገረ። ከእንግዲህ መዳፍ የለም፤ አንድ ጣት ወደ መሬት ጠቁሞ ማዞር ብቻ። ምልክቱን የተማረበት መጽሐፍ ሰው በተገለበጠ መዳፍ በሚጠራበት አገር የተጻፈ መሆን አለበት አለና እንዴት እንደሚጠሩ አሳየን፤ መዳፉን ወደ ሰማይ አድርጎ ጣቱን እያጠፈ። ሠራተኞቹ ቅር አላቸው።

አንዱ፣ «ውሻ ነው እንዲያ የሚጠራ» አለ።

«ውሻም እኛ አገር አይመጣለትም» አለ ሌላው።

ስለዚህ ክሬን ሲሠራ ማንም ሰው ማንንም በእጁ እንዳይጠራ ተባለ፤ የሚፈልግ ሰው በእግሩ ሄዶ ይጥራ። ሰዎቹ ለጥቂት ቀን እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው፤ ኪሳቸው ውስጥ ከትተው ይዞሩ ነበር። የእኔም ራኩባ ተነቅሎ ከአጥሩ ውጭ ተተከለ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ለኦፕሬተሩም ለሦስት ቀን ድንቹን በእጥፍ ጨለፍሁለት፤ ምክንያቱን አልነገርሁትም፤ እሱም አልጠየቀም።

ከአጥሩ ውጭ ሆኜ ልጄን አላያትም ነበር። የግድግዳዎቹን አናት ብቻ ከአጥሩ በላይ አያለሁ። አንዱ ይነሣል፣ ስንዝር ላይ የቆመውን እኔ አላየውም፣ ቆይቶ ብቅ ይላል፣ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ይወርዳል፣ ይቆማል። እያንዳንዱ ሲቆም አንድ ሽንኩርት እጨርሳለሁ። የተገመጠው ግድግዳ ተጠግኖ ከኋላ በኩል ገባ።

የመጨረሻው የቆመ ዕለት ልጄ ሮጣ መጥታ አቀፈችኝ። ቋሚ ሆንሁ አለች። እልል አልሁ። ከዚያ ቀጠለችና ክሬኑ ለሌላ መጋዘን ወደ አብርሃ ጅራ ይሄዳል፣ ክሬኑ በሄደበት እሄዳለሁ አለች። እልልታዬ መካከል ላይ ቆመ። ቋሚ ማለት አንድ ቦታ የሚቆም መስሎኝ ነበር።

ዝም ብል ኖሮ ቤቴ ነበረች። ይህን ሳላስበው አልቀረሁም። ልጄ ግን ዕቃዋን የምትሸክፈው በሁለት እጇ ነበር፤ እየዘፈነች።

እሷ ስትሸክፍ እኔ ኢንጂነሩ ዘንድ ሄድሁ። አብርሃ ጅራ የሚያበስል ሰው አላችሁ ወይ አልሁት። አለን፣ ከድሮ ጀምሮ አብራን የምትሠራ ሴት ናት አለኝ፤ ዓይኔን እየፈራ። እንግዲያው ለሴትዮዋ የምነግርዎን ይንገሩልኝ አልሁት። ልጄ ቁርስ ሳትበላ ፀሐይ ላይ እንዳትቆም። ውኃው ተፈልቶ ይሁን። የሚያድሩበት ቤት ጫማ ሳይራገፍ አይደረግ። ወጥ ሲጨመርላት ጡጫዋን ብታሳይ አይስሟት፤ ይጨምሩላት። እንዳይረሱት ይጻፉት አልሁት።

ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። ጽፎ ሲጨርስ ሊያጥፈው ሲል ያዝሁትና፣ «ያንብቡልኝ» አልሁት።